ሰባት አልተገኙም

በቂርያት ጋት፣ ከሕንፃው ሥር፣ በሚክላቱ ጨለማ፣
የአየር ማስገቢያው ትንፋሽ ከራስጌዬ እየተሰማ፣
ዓሥር ዓመት የተኛ ሥራ ቀሰቀስኩ ከዲስክ ላይ፤
እንደ ቆየ ፍሪጅ በር፣ ሽታውን እየፈራሁ፣ ገርበብ አድርጌ ላይ።

ኮምፒውተሩ አሰበ፣ ቆጠረ፣ ጎሮሮውን ጠረገ፤
ከዚያ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ መኻል ላይ አደረገ፦
«ሰባት ፕለጊኖች አልተገኙም።»
አይቆጣም፣ አያዝንም፤ እንደ ቢሮ ጸሐፊ፦ ዛሬ አይገቡም።

አንደኛው ፒያኖ ነው፤ ሠሪው ድርጅት ከስሯል።
ሁለተኛው ከበሮ፤ ከአዲሱ ሲስተም ተጣልቶ ቀርቷል።
ሦስተኛውን አልደብቅም፣ የተሰረቀ ነበረ፤
በሰው ፍላሽ መጣ፣ በሰው ፍላሽ ቀረ።
አራትና አምስት መጭመቂያዎች፤ ስማቸውን እንኳ ረሳሁ፤
ምን ይሠሩ እንደነበር ያኔም በደንብ አላወቅሁ።
ስድስተኛው ድምፅ አቃኚ። እሱስ እንኳን ጠፋ!
አንቺ ሆዬን «ተሳስቷል» ብሎ ሊያርም የለፋ፣
በሁለት ኖታ መኻል የምታድር ድምፅ ባገኘ ቁጥር፣
«መታወቂያ!» እያለ ገፍቶ የሚጥላት ካንዱ አጥር።

ሰባተኛው ግን...
ሰባተኛው ገደል ማሚቶ ነው።

ቂርያት ጋት ሜዳ ነው፤ ስንዴ፣ ፋብሪካ፣ የባቡር ሐዲድ፤
ብትጮኽ ድምፅህ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ የሚመልሰው የለም ዘመድ።
ስለዚህ ገደል ገዛን፣ እኔና ኤልዳድ፣ በዓሥራ ሁለት ክፍያ፣
የአንድ በጋ ደመወዝ አፍስሰን ከዶሮ ማሸጊያ።
በኤልዳድ ስም፣ በኤልዳድ ካርድ፤ ቁልፉም የእሱ ነበር፣
ጥፍር የምታህል ፍላሽ፤ ያለ እሷ ገደሉ የማይናገር።

«ካቴድራል» ነበረው፣ «የእንጨት አዳራሽ»፣ «ብረት ሳህን»፣ «ዋሻ»፤
ሌሊቱን ሙሉ ሞከርናቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።
አክስቴ ትርንጎ በጆሮ ማዳመጫው ሰማች፤ «የሰው ገደል ነው፤
የኔ ሲመልስ ይዘገያል፤ አስቦ ነው የሚመልሰው።»
ኤልዳድ መዘግየቱን ጨመረ፤ ዘጠና፣ መቶ ዓሥር፣ መቶ ሠላሳ ሚሊ ሰከንድ።
«አሁን ቀረበ» ብላ አንጎራጎረች፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ።

ኤልዳድ አሁን አውቶቡስ ይነዳል፣ ከቤርሼቫ አሽቀሎን፤
ደወልኩለት። «ቀይ መብራት ላይ ነኝ፤ ቶሎ በል፣ ፍጠን።
ፍላሿ? ቤት ስንቀይር የጠፋች ይመስለኛል ወንድሜ፤
የይለፍ ቃሉንም እንጃ፤ ኢሜሉም ተዘግቷል፣ ከነስሜ።
አዲስ ውሰድ፤ አሁን በወር ኪራይ ሆኗል አሉ።»
«ገደል በወር ኪራይ?» ተሳሳቅን፤ ተሳፋሪዎቹ «እንሂድ!» ሲሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ። «ያለ እነሱ ክፈት» የሚለውን ተጫንኩ።
ቁጭ አልኩ።
ፒያኖው ዝም። ከበሮው ዝም። ባሱም ዝም።
ከዚያ ትርንጎ ብቻዋን፤ ገደል የላት፣ ሜዳ የላት፣ ምንም።
ድምጿ ደረቅ፣ ቅርብ፣ ከጎኔ እንደ ተቀመጠ ሰው፤
ዛሬ ተገለጠ ያኔ ማሚቶው ያለበሰው፦
ምራቅ ስትውጥ። አምባሯ ጠረጴዛ ሲነካ። ፎቅ ላይ ልጅ ኳስ ሲያነጥር።
አንድ ስንኝ መኻል ቃሉ ጠፍቶባት በ«እህህ» ስታሳጥር።
መጨረሻው ላይ፣ ጭራው ስምንት ሰከንድ ይንሳፈፍ በነበረበት ቦታ፣
«ልጆች፣ መለሰ?» ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ ከጥቂት ዝምታ።

ማንም አልነገራትም። እኛ ቁልፎቹ ላይ ነበርን፤
የገደሉን ጭራ ስናረዝም እሷን ሳንሰማ ቀረን።

ዛሬ በግድግዳው፣ ከእንቁላል መያዣው በላይ፣ ለልጆቹ በማርከር ጻፍኩ፦
«ሁሉንም ትራክ ወደ ድምፅ አትሙ፤ ደረቁን ለብቻ አስቀምጡ።
ፈቃድ በጓደኛ ስም አትግዙ። ፍላሽ በኪስ ይዛችሁ አትውጡ።»
ኪራዩንም ጀመርኩ፣ አልዋሽም፤ የመጀመሪያው ወር ነፃ ነው፤
መዘግየቱን ግን አልነካሁም፤ መቶ ሠላሳው ያው።

ትርንጎ ሦስተኛ ፎቅ ናት። አሳንሰሩ ከፋሲካ ወዲህ አይሠራም።
ላፕቶፑን በብብቴ ይዤ እየወጣሁ ነው፤ ጆሮዋ ከብዷል፤ ምናልባት አትሰማም።
ጥያቄዋ ግን ዓሥር ዓመት ቆሟል፤ ደረቁን አስቀድሜ አሰማትና፣
«አዎ፣ መልሷል» እላታለሁ፤
ትንሽ ዘግይቶ ነው፤ ሲያስብ ቆይቶ ነውና።